ሱቃችሁ ውስጥ አትክልቱ ሳይበላሽ ቆጣሪውም ካርድ ሳይበላ እንዴት ይሰራል

የሰፈር ሱቅ ያላችሁ ወይ ለመክፈት ያሰባችሁ፣ ይሄን የምፅፈው ለናንተ ነው። የኛ ሱቅ ሳሪስ ናት፣ እናቴ ከከፈተቻት ብዙ አመት ሆኗታል፣ እኔም እዛው ባንኮኒው ስር ነው ያደግኩት። ሁሌም የምንሸጠው ያው ሳሙና፣ ዘይት፣ ፓስታ፣ ብስኩት፣ ለስላሳ ምናምን ነበር። አትክልት ሁለት ጊዜ ሞክረን ሁለቴም ከሰርን፣ ምክንያቱም ያመጣነውን ሁሉ ፍሪጅ ውስጥ ጠቀጠቅነው፣ ቲማቲሙ ጣዕሙ ጠፋ፣ ሙዙ ጠቆረ፣ ፍሪጁ ደግሞ ስለታፈነ ቀንም ሌሊትም ሳያርፍ ሲያጓራ ካርዱን ጨረሰው። በሶስተኛው ነው የገባን። የመብራቱ ወጪና የአትክልቱ መበላሸት ሁለት ችግር መስሎን ነበር እንጂ አንድ ነው፣ ፍሪጅ ማያስፈልገውን ነገር ፍሪጅ ውስጥ መክተት።

ይሄ ነገር ደግሞ ለኔ የትርፍ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ሰፈር ውስጥ ያሉ ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ሚገቡት እኛ ጋ ነው፣ እጃቸው ላይ ያለችውን ብር ከፊታቸው ያገኙት ነገር ላይ ነው ሚያጠፏት፣ ብስኩት ካለ ብስኩት፣ ሙዝ ካለ ሙዝ። ማታ ከስራ ደክማ የመጣች እናት ደግሞ ለሁለት ቲማቲምና ለአንድ ቃሪያ ብላ ታክሲ ይዛ ገበያ አትወርድም። ስለዚ እኛ ጋ ከሌለ አይበሉም ማለት ነው።

1. ምንም ሳትገዙ በፊት ለኩ

ብዙ ሰው መጀመሪያ ሚያደርገው አዲስ ፍሪጅ መግዛት ነው። ተዉት። ከመስከረም 2017 ጀምሮ የመብራት ታሪፍ በየሶስት ወሩ ደረጃ በደረጃ እንዲጨምር ስለተደረገ ስንት ብር እንደከፈላችሁ ብቻ አይታችሁ መብራት መቆጠባችሁን ማወቅ አትችሉም፣ ብሩ ባይቀንስም የምትጠቀሙት ቀንሶ ሊሆን ይችላል፣ ስለዚ ማየት ያለባችሁ ኪሎዋቱን ነው (ሙሉ ስሙ ኪሎዋት ሰዓት፣ kWh)።

አለካኩ ቀላል ነው። ማታ 3 ሰዓት ስትዘጉ አምፖሉን፣ ቴሌቪዥኑን፣ ቻርጀሩን ሁሉንም ንቀሉና ፍሪጁን ብቻ ተዉት፣ ቆጣሪው ላይ ያለውን ቁጥር በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። ካርድ ቆጣሪ ከሆነ የቀረውን ኪሎዋት፣ የድሮው ከሆነ የቆጠረውን። ጠዋት 12 ሰዓት ምንም ሳትከፍቱ፣ አንድም ለስላሳ ሳታወጡ፣ ድጋሚ ፎቶ አንሱ። ልዩነቱ ፍሪጁ በ9 ሰዓት ውስጥ የበላው ነው። ለ9 አካፍላችሁ በ24 ስታባዙት የአንድ ቀኑን ታገኛላችሁ፣ ቀን ላይ ስለሚከፈት ስለሚዘጋ ትክክለኛው ከዛም ትንሽ ከፍ ይላል። የኛ ሰልቫጅ ፍሪጅ መጀመሪያ ስለካው በ9 ሰዓት 1.3 ኪሎዋት በልቶ አገኘሁት፣ ከታች የምነግራችሁን ከሰራሁ በኋላ ግን 0.8 ሆነ። ትንሽ ትመስላለች፣ በወር ስታስቡት ግን 40 ኪሎዋት አካባቢ ናት፣ አንድ ሳንቲም ሳይወጣበት።

ከአከራይ ጋር ቆጣሪ የምትጋሩ ከሆነ ነገሩ ይከብዳል፣ ምክንያቱም እናንተ ብትቆጥቡም ባትቆጥቡም ሚጠየቀው ብር ያው ነው። እንደዛ ከሆነ አከራያችሁን አናግሩና የሱቁን ፍጆታ ለብቻው ሚቆጥር ትንሽ ቆጣሪ በኤሌክትሪሺያን አስገጥሙ፣ በየወሩም አብራችሁ አንብቡት። በሰላም ለመኖርም ይጠቅማል።

2. ፍሪጁን አክሙት

ከግድግዳው አርቁት። አንድ ስንዝር ይበቃል። ፍሪጅ ሚያቀዘቅዘው ውስጡ ያለውን ሙቀት አውጥቶ ከጀርባው በመጣል ነው፣ ጀርባው ከታፈነ ሙቀቱ መሄጃ ስለሌለው ሞተሩ ይለፋል። በጎንና በላዩ ካርቶን መደርደርም ተዉ። ጀበና የምታፈሉበት ከሰል ወይ ምድጃ አጠገቡ ካለ አንዱ ቦታ መቀየር አለበት።

ከዛ ነቅላችሁ ጀርባውን በደረቅ ብሩሽ ጥረጉት። እንደኛ ዱቄት፣ ሽሮ፣ በርበሬ ሚሸጥበት ሱቅ ውስጥ ያ ጥቁር ሽቦ ላይ ሚጋገረው አቧራ ብርድ ልብስ ነው ሚሆነው። በወር አንዴ ይበቃል።

የበሩን ጎማ ለመፈተን አንድ የብር ኖት በሩና ጎማው መሃል አድርጋችሁ ዝጉትና ሳቡት፣ ያዝ ካደረገው ጥሩ ነው፣ እየተንሸራተተ ከወጣ ግን ብርዱም በዛው እየወጣ ነው። አራቱንም ጎን ሞክሩ። መጀመሪያ በሞቀ ውሃና ሳሙና እጠቡት፣ ብዙ ጊዜ ጎማውን ሚከለክለው የደረቀ ስኳርና ለስላሳ ነው፣ ካልሆነ በሙቅ ውሃ የተነከረ ጨርቅ ያዙበትና እስኪለሰልስ ቅርፁን መልሱለት፣ እሱም ካልሆነ ጎማውን ብቻ አስቀይሩ።

በረዶ ከተጋገረ አቅልጡት፣ የጣት ውፍረት እስኪደርስ አትጠብቁ። ነቅላችሁ፣ በሩን ከፍታችሁ፣ ስር ጨርቅ አንጥፋችሁ ጠብቁ። በቢላ የሚፈነቅል ሰው አለ፣ እባካችሁ ይሄን አታድርጉ፣ አንዴ ከበሳችሁት ጋዙ ይወጣና ጥገናው ፍሪጁን የሚያህል ወጪ ይሆናል።

ውስጡ ያለው ቁልፍ ላይ ያሉት ቁጥሮች ዲግሪ አይደሉም፣ ቁጥሩ ሲጨምር ብርዱ ይጨምራል ማለት ብቻ ነው። ብዙ ሱቅ 7 ላይ አድርገው ይረሱታል። ትንሽ ቴርሞሜትር ገዝታችሁ ውሃ ያለበት ብርጭቆ ውስጥ አድርጋችሁ መሃሉ መደርደሪያ ላይ አሳድሩት፣ ወተት ካለ 4 ዲግሪ አካባቢ ነው የምትፈልጉት። ከዛ በታች ከወረደ ቁልፉን ቀንሱ።

የመስታወት በር ያለው የለስላሳ ፍሪጅ ካላችሁ ደግሞ ይሄን አስቡ፣ ለስላሳና ውሃ ሌሊት ባይቀዘቅዝ አይበላሽም። ስለዚ ፍሪጁ ውስጥ ያለው እሱ ብቻ ከሆነ ስትዘጉ ንቀሉት፣ ጠዋት ስትከፍቱ ሰኩት፣ ምሳ ሰዓት ላይ ቀዝቅዞ ይጠብቃችኋል። ውስጡ ያለው አምፖልም ሌሊቱን ሙሉ ለማንም አይበራም። ወተት ወይ እርጎ ካለበት ግን በፍፁም እንዳትነቅሉ። የለስላሳ ካምፓኒ የሰጣችሁ ፍሪጅ ከሆነ ደግሞ ውሉን እዩ፣ የራሳቸውን ምርት ብቻ አድርጉበት ሚል አለው፣ ወተት ከማስገባታችሁ በፊት አከፋፋዩን ጠይቁ።

ዲፕ ፍሪዘር ኖሯችሁ ስጋና አይስክሬም ማትሸጡ ከሆነ ወደ ፍሪጅ መቀየር ይቻላል። ኤሌክትሪሺያን ውጪ ሚገጠም ቴርሞስታት ያስገባበትና 4 ዲግሪ ሲደርስ መብራቱን ያቋርጠዋል። በላይ በኩል ስለሚከፈት ቀዝቃዛው አየር ከባድ ስለሆነ ስትከፍቱት አይፈስም፣ ቋሚው ፍሪጅ ግን በተከፈተ ቁጥር ብርዱ እግራችሁ ላይ ነው ሚወርደው። ስር ስሩ ውሃ ስለሚጠራቀም በየሁለት ቀኑ መወልወል ይፈልጋል።

ዘመድ ከአሜሪካ ፍሪጅ ልላክ ሲላችሁ ደግሞ አስቡበት። እዛ 120 ቮልት 60 ኸርዝ ነው፣ እኛ ጋ 220 ቮልት 50 ኸርዝ፣ ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል፣ ትራንስፎርመሩ ራሱ ደግሞ ሌት ተቀን እየሞቀ መብራት ይበላል። በዛ ብር እዚሁ ገበያ ላይ አዲስና ትንሽ ፍሪጅ ግዙ።

3. አምፖልና ጣሪያ

ይሄ አጭር ነው። 60 ዋት ቢጫ አምፖል በቀን 5 ሰዓት ቢበራ በወር 9 ኪሎዋት ይበላል፣ 9 ዋት ኤልኢዲ ደግሞ 1.35። ረጅሙን ሸንበቆ መብራት ወደ ኤልኢዲ ስትቀይሩ ባላስቱንና ስታርተሩን ኤሌክትሪሺያን ያውጣላችሁ። ቆርቆሮው ስር ኮርኒስ ከሌለ ግን ከአምፖሉ በላይ ሚጎዳችሁ እሱ ነው፣ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ እጃችሁን ወደ ቆርቆሮው ብታስጠጉ ታውቁታላችሁ፣ ፍሪጁም አትክልቱም ያንን ሙቀት ነው ሚታገለው። ርካሽ ኮርኒስ፣ ካልሆነ ቆርቆሮውን ከላይ ነጭ ቀለም መቀባት፣ ፀሐይ በሚገባበት በኩል ደግሞ ሸራ። ኮንቴይነር ውስጥ ያላችሁ ደግሞ ይሄን ከሁሉም አስቀድሙ።

4. ምን የት ይቀመጥ

ዋናው ነገር ይሄ ነው።

አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ሌሊቷ ይበርዳል፣ ይሄ በነፃ ያገኘነው ፍሪጅ ነው። መስኮት ላይ ወይ በሩ አናት ላይ ወንፊት ሽቦ አድርጋችሁ ሌሊት አየር እንዲገባ ካደረጋችሁ ጠዋት መደርደሪያው ራሱ ቀዝቅዞ ታገኙታላችሁ። አይጥ እንዳይገባ ሽቦው ጠንካራ ይሁን። አዳማ ወይ ድሬዳዋ ያላችሁ በዚህ አትተማመኑ፣ ለናንተ ከታች ያለው የሸክላው ዘዴ ነው ሚሻለው።

ቲማቲም፣ ከፍሪጅ ውጪ። ከ12 ዲግሪ በታች ሲቀመጥ ጣዕሙም ሽታውም ይሞታል። ከግንዱ የተቆረጠበትን በኩል ወደ ታች ገልብጣችሁ በአንድ ረድፍ ደርድሩት፣ አትደራርቡት፣ ከመሸጡ በፊትም አትጠቡት። ስትገዙ ሳጥኑን እስከ ታች እዩ፣ ከላይ ያለው ሁሌም ቆንጆ ነው። ስታስገቡ ለሶስት ክፈሉት፣ ዛሬ ሚበላ፣ ነገ ሚበላ፣ ገና አረንጓዴ።

ሙዝ፣ ከፍሪጅ ውጪ፣ ከተቻለ ተንጠልጥሎ። ከ13 ዲግሪ በታች ልጣጩ ይጠቁራል። ከአርባ ምንጭ ሚመጣው አረንጓዴ ሆኖ ስለሆነ ግማሹን የበሰለ ግማሹን ያልበሰለ ግዙ፣ አንዱ ሲያልቅ ሌላው ይደርሳል።

አቮካዶ፣ ማንጎ፣ ፓፓያ፣ እስኪበስሉ ውጪ። አቮካዶ በስሎ ገዢ ካጣ ያኔ ፍሪጅ ግባ በሉት፣ ሁለት ሶስት ቀን ይሰጣችኋል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ማያውቀው ነገር አለ፣ ሙዝ፣ አቮካዶ፣ ማንጎ፣ ፓፓያና ቲማቲም ሲበስሉ ኤትሊን ሚባል ጋዝ ያወጣሉ፣ አጠገባቸው ያለውን ሁሉ ያበስሉታል። ጥሬ አቮካዶ በቶሎ እንዲደርስ ከበሰለ ሙዝ ጋር በወረቀት ከረጢት ጠቅልሉት፣ ጎመንና ካሮት ግን ከነሱ አርቁ፣ ጎመኑ ቢጫ ይሆናል፣ ካሮቱ ይመራል።

ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት፣ ደረቅና ነፋስ ሚያገኝበት ቦታ፣ ቀዳዳ ባለው ሳጥን ወይ በመረብ ከረጢት። ድንች ደግሞ ጨለማ ይፈልጋል። በር ላይ ለማሳያ ብላችሁ ብርሃን ላይ ያሳደራችሁት ድንች አረንጓዴ ይሆናል፣ አረንጓዴው ደግሞ መርዝ ያለበት ነውና ለሰው አትሽጡት። በኬሻ ሸፍኑት፣ ለማሳያ ጥቂቱን ብቻ አውጡ። ሽንኩርትና ድንችን አንድ ላይ አታስቀምጡ፣ ድንቹ እርጥበት ስላለው ሽንኩርቱ ቶሎ ይበቅላል፣ ይበሰብሳል።

ጎመን፣ ቆስጣ፣ ሰላጣ፣ እነዚ ናቸው አስቸጋሪዎቹ። በማለዳ ግዙ፣ ስትመጡ ግንዱን ትንሽ ቁረጡና እንደ አበባ ንፁህ ውሃ ባለው ባልዲ ውስጥ አቁሟቸው፣ ቀን ላይ ሁለት ሶስቴ ውሃ እርጩባቸው፣ ለአንድ ቀን ሚበቃችሁን ብቻ ያዙ። የት እንደበቀለ ጠይቁ። በአቃቂ ወንዝ ውሃ ሚለማ ቅጠል ገበያ ላይ አለ፣ የዛ ወንዝ ውሃ ምን እንደገባበት ሁላችንም እናውቃለን፣ ለጎረቤታችን ልጅ የምንሸጠው ነገር ስለሆነ በጉድጓድ ወይ በንፁህ ውሃ ሚያለማ ሰው ፈልጉና ደንበኛ ያዙ።

ካሮት ስትቀበሉ አናቱ ላይ ያለውን ቅጠል ቁረጡት፣ ውሃውን ይመጠዋል። ጥቅል ጎመን የውጪ ቅጠሉን እስክትሸጡት አትንቀሉለት። ቃሪያ ደረቅ ሆኖ በወረቀት። እንቁላል ከተገዛ ጀምሮ አይታጠብ፣ ጥላ ቦታ ይቀመጥ።

ይሄን ሁሉ ስትጨርሱ ፍሪጅ ውስጥ ሚቀረው ወተት፣ እርጎ፣ ቅቤና የበሰለ አቮካዶ፣ ቦታ ካለ ከአቮካዶው ራቅ ብሎ ካሮት ነው። ፍሪጁ ተነፈሰ ማለት ነው፣ ትንሽ ፍሪጅም ይበቃችኋል።

5. የሸክላው ዘዴ

እንስራ ውስጥ ያለ ውሃ ለምን እንደሚቀዘቅዝ አያቶቻችን ያውቁታል። ሸክላው ውሃ ያልበዋል፣ ላቡ ሲተን ሙቀት ይዞ ይሄዳል። ናይጄሪያዊው መምህር መሐመድ ባህ አባ በ1990ዎቹ፣ በፈረንጆቹ ማለቴ ነው፣ ይሄንኑ ለአትክልት አድርጎ በሰሜን ናይጄሪያ ብዙ ሺህ አከፋፍሏል።

አንድ ትልቅ ጋን፣ ውስጡ ሚገባ ትንሽ ማሰሮ ያስፈልጋችኋል፣ መሃላቸው ሁለት ሶስት ጣት ክፍተት ይኑር። ሸክላ ሰሪዋን ያልተሟሸ ስጡኝ በሏት፣ ይሄን እንዳትረሱ፣ የተሟሸ ሸክላ ቀዳዳው ስለተደፈነ አያልብም፣ ካላላበ አይቀዘቅዝም። ጋኑ ስር አሸዋ አንጥፉ፣ ማሰሮውን አስቀምጡ፣ ዙሪያውን በአሸዋ ሙሉት፣ ጠዋትና ማታ አሸዋው ላይ ውሃ አፍስሱ፣ አፉን በእርጥብ ጨርቅ ወይ ጆንያ ሸፍኑት። ጥላና ነፋስ ያለበት ቦታ ይቀመጥ፣ ወለሉ ላይ ሳይሆን ሽቦ ወይ እንጨት ላይ፣ ስሩም እንዲተነፍስ። ካሮት፣ ቃሪያ፣ ጎመን ይገባበታል፣ ቲማቲም ከሆነ ግን ለብቻው። ወተት አይገባም፣ እስከዛ ድረስ አይቀዘቅዝም።

ሚሰራው ከጥቅምት እስከ ግንቦት ነው። ክረምት ላይ አየሩ ራሱ እርጥብ ስለሆነ ውሃው አይተንም፣ ውስጡ ሻጋታ ይይዛል፣ ስለዚ ሰኔ ላይ አውጥታችሁ አድርቁት።

6. ስትገዙ

ኃይሌ ጋርመንት ወይ ሾላ ገበያ ለመውረድ ከሁለት ሶስት ባለሱቅ ጋር ተነጋገሩ። እኛ ከሁለት ጎረቤት ሱቆች ጋር ነው የጀመርነው፣ አንድ ሳጥን ቲማቲም ለአንድ ሱቅ ይበዛል፣ ለሶስት ግን በሁለት ቀን ያልቃል፣ የመኪናውም ኪራይ ይከፋፈላል። ተራ በተራ እንሄዳለን።

ቀን መቁጠሪያውን እዩ። ረቡዕና አርብ የወተት ገዢ ይቀንሳል የአትክልት ይጨምራል፣ ስለዚ ማክሰኞ ማታ ሚተርፍ ወተት አትያዙ። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፣ ፍልሰታ ከነሐሴ 1 እስከ 15፣ ፆመ ነቢያት ከህዳር 15 እስከ ገና፣ በነዚህ ጊዜ ቲማቲም፣ ሽንኩርት፣ ድንች፣ ቃሪያና ሰላጣ እጥፍ ይሄዳል። ረመዳን ላይ ደግሞ ከአፍጥር በፊት ፍራፍሬና ቴምር ሚጠይቅ አለ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት በፊት ዝግጁ ሁኑ።

ዋጋ ስታወጡ ሚጣለውን አስቡ። ለምሳሌ 10 ኪሎ በ60 ብር ብትገዙና 1 ኪሎ ቢበላሽ፣ 600 ብሩ የወጣው 9 ኪሎው ላይ ነው፣ ኪሎው የመጣላችሁ በ67 ብር እንጂ በ60 አይደለም። የዱቤ ደብተሩ ጀርባ ላይ ሶስት መስመር አስምሩ፣ የገዛነው፣ የሸጥነው፣ የጣልነው። ከአስር ኪሎ ከአንድ በላይ እየጣላችሁ ከሆነ መጠኑን ቀንሱ።

7. መብራት ሲጠፋ

በሩን አትክፈቱ። ያልተከፈተ ፍሪጅ 4 ሰዓት ያህል ብርዱን ይይዛል፣ የሞላ ፍሪዘር ደግሞ እስከ 48 ሰዓት፣ ግማሽ ከሆነ 24። ባዶ ሃይላንድ ውሃ ሞልታችሁ፣ አናቱ ላይ አራት ጣት ክፍት ትታችሁ፣ ፍሪዘሩ ውስጥ ሁሌም ይኑር፣ መብራት ሲሄድ ሁለት ሶስቱን ወተቱ መሃል አስገቡ። ከ4 ሰዓት በላይ ከሄደና ወተቱ ከሞቀ አትሽጡት፣ ቀምሼው ደህና ነው አይባልም፣ በተለይ ለህፃን ሚገዙ አሉ።

ሶኬቱን ንቀሉ። ሲመጣ መጀመሪያ ላይ ቮልቴጁ ይዘላል፣ ሞተር ሚያቃጥለው እሱ ነው፣ 5 ደቂቃ ጠብቃችሁ ሰኩት። ሰው ማይኖርበት ሰዓት ሚጠፋ ከሆነ ፍሪጅ ጋርድ፣ ማለትም ቮልቴጁ ሲዘል መብራቱን ሚቆርጠውን መሣሪያ ግዙ፣ ሞተር ከማስጠቅለል በጣም ይረክሳል።

8. ሰው እንዲያየው

አትክልቱን ከጥግ አውጡት። ሙዙ ባንኮኒው ላይ፣ ከብስኩቱ ፊት፣ በልጅ ቁመት፣ አንድ ፍሬ ብቻም ይሸጥ። አንድ ኪሎ መግዛት ማይችል ሰው ብዙ ነው፣ ስለዚ በመደብ አድርጉት፣ ሁለት ቲማቲም፣ አንድ ሽንኩርት፣ ሁለት ቃሪያ አንድ ላይ፣ ዋጋው በካርቶን ተፅፎ። እናቴ የወጥ መደብ ነው የምትለው፣ ከሁሉም ቀድሞ ሚያልቀው እሱ ነው።

ከማታው 1 ሰዓት በኋላ ለነገ ማይደርሰውን ለዩና ዋጋ ቀንሱ፣ የለሰለሰ ቲማቲም ለስልስ ይሆናል፣ ሰፈራችሁ ውስጥ ፍርፍር ሚሰራ ቁርስ ቤት ካለ ከአሁኑ ተስማሙ፣ እኛ ጋ በየማታው መጥታ ምትወስድ አለች። ከሷ ተርፎ ማይበላውን በግ ላለው ጎረቤት ስጡ፣ የበሰበሰ ግን ለማንም አይሰጥም።

መጀመር ያለባችሁ በአምስት ነገር ነው፣ ቲማቲም፣ ሽንኩርት፣ ድንች፣ ቃሪያ፣ ሙዝ። አምስቱም ፍሪጅ አይፈልጉም። ጎመንና ሰላጣን ሶስተኛው ሳምንት ላይ ጨምሩ፣ ደብተሩ ላይ የጣልነው ሚለው መስመር ከቀነሰ። ዛሬ ማታ ስትዘጉ ግን ቆጣሪውን ፎቶ አንሱት።